በረንዳው ላይ የተቀመጠው ሰውዬ

ቡናው ገና እየታጠበ ነው፤ ስለዚህ እኔም አልቸኩልም፣ እናንተም አታስቸኩሉኝ።

የማወራችሁን ነገር ያየሁት በሜሪላንድ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በእኅቴ ልጅ ቤት በረንዳ ላይ ነው፤ ሥሩ ግን እዚያ አይደለም፤ ሥሩ በሸዋ ሮቢት ቆላ፣ በማሽላ ማሳ ውስጥ ነው። እሱን ኋላ እመጣበታለሁ፤ አስቀድሜ እኅቴን ከቦሌ ላሳፍራት።

እኅቴን እታለም እላታለሁ። በ6 ዓመት ትበልጠኛለች፤ እናታችን ሥራ ስትውል በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናትና እስከ ዛሬ በስሟ ጠርቻት አላውቅም። ያኔ መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ ልጇንና የልጅ ልጇን ልታይ ተነሣች፤ በርበሬዋን አስፈጭታ፣ ሽሮዋን አሽጋ፣ ከጎረቤቱ ሁሉ ተሰነባብታ ማታ ቦሌ ገባች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች አገር ናትና፣ አየሯም ስስ ነውና፣ አውሮፕላን ዋሽንግተን ድረስ የሚበቃውን ነዳጅ ሁሉ ተሸክሞ ከዚያ መነሣት ይከብደዋል፤ ስለዚህ ሲሄድ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል፤ ሲመለስ ግን ከዝቅተኛ ሜዳ ስለሚነሣ አንዴ ከተነሣ ማረፊያው ቦሌ ነው። የእታለም አውሮፕላን ያረፈው አየርላንድ፣ ደብሊን ነበር። ሌሊት ነው፤ ዝናቡ ያካፋል፤ ተሳፋሪ አይወርድም፤ እሷም ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ታያለች፤ ከታች ነዳጅ የሚቀዱት ሰዎች የሚያበራ ቢጫ ለብሰው በጭጋጉ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ይላሉ። «ሰው መሆናቸውን እስካጣራ ድረስ ሦስቴ አማተብኩ» አለችኝ በኋላ።

አማተበችም አላማተበችም፣ ሳታውቀው ትክክለኛው አገር ላይ ነው ያረፈችው። ምክንያቱም ያ ልጆች የሚያብዱለት፣ ሃሎዊን የሚሉት የማስፈራራት በዓል ራሱ በዚያው መንገድ ነው አሜሪካ የገባው፤ ከአየርላንድ ተነሥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ። በጥንት ጊዜ የአየርላንድ ሰዎች መከሩ ገብቶ ብርዱ የሚጀምርበትን ምሽት ሳዊን እያሉ ያከብሩት ነበር፤ በዚያ ሌሊት የሙታንና የሕያዋን አጥር ይሳሳል ብለው ያምኑ ነበር። ክርስትና ከገባ በኋላም በዓሉ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ሆኖ ቀጠለ። ታዲያ የድሃ ገበሬ ልጅ ያን ምሽት መናፍስቱን መልሶ የሚያስፈራራበት ምን አለው? ከጓሮው የሚነቅለው ተርኒፕ አለው፤ ቡጢ የሚያህል ደረቅ ሥራሥር ነው። እሱን በማንኪያና በቢላ እየፈለፈለ፣ ዐይንና ጥርስ እያወጣለት፣ የሻማ ቁራጭ ከውስጡ እያበራ ደጃፉ ላይ ያኖረዋል። ካስልባር አጠገብ ባለው የአየርላንድ የገጠር ሕይወት ሙዚየም ውስጥ ከዶኒጎል የተገኘ የአንዱ ተርኒፕ ቅርጽ በጂብሰም ወጥቶ ተቀምጧል፤ ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ተሸብሽቦ፣ ጥርሱ ተሰባብሮ፣ ዐይኑ ጎድጉዶ፣ እውነት ለመናገር ለሁለት ቀን ከፊቴ አልጠፋም። ከ1845 ጀምሮ ድንቹን በሽታ ሲበላውና ረኃብ ሲገባ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አለቀ፤ ሌላው አንድ ሚሊዮን መርከብ ላይ ወጣ፤ ብዙው አሜሪካ ገባና እዚያ ዱባ አገኘ። ዱባ ደግሞ ትልቅ ነው፣ ሆዱ ባዶ ነው፣ ለቢላ ይመቻል። ተርኒፑ በዚያው ቀረ።

ይህን ለእታለም ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ፤ ከዚያም ያን በተረት የሚባለውን ጃክን ነገርኳት፤ ሰካራሙ ጃክ ሰይጣንን አታሎ፣ ሲሞት ገነትም አልቀበልም፣ ሲኦልም አልቀበልም ብሎት፣ በአንድ ፍም ብቻ እያበራ ተርኒፑን ይዞ በጨለማ ሲንከራተት እንደሚኖር። እሷም ከንፈሯን መጠጠችና «ምስኪን! ተዝካር የሚያወጣለት ሰው አጥቶ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው ስለ ጃክ ሲያወራ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ የተረዳው ግን አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ደረሰች። ቅጠሉ ቀልቷል፣ ነፋሱ ከመንገዱ ወዲያና ወዲህ ይጠርገዋል፣ ፀሐይዋ እንደ አገር ቤት 12 ሰዓት ላይ ትጠልቃለች። በሁለተኛው ቀን ማለዳ መስኮቱን ስትከፍት፣ የማዶው ጎረቤት ከ3 ሜትር ተኩል የሚበልጥ የፕላስቲክ አጽም ሣሩ ላይ አቁሞ አየች። «የማን ነው?» አለች። «የማንም አይደለም፣ ከሱቅ ነው» አልናት። «ታዲያ ለምን አይቀብሩትም?» አለች። የልጅ ልጇ፣ 9 ዓመቱ ነው፣ በሳቅ ወደቀ፤ ከሳቁ ሲነሣ ግን ቅናት ያዘውና እናቱን አጽም ግዢልኝ ብሎ ያዛት። እናቱ ነርስ ናት፤ ሌሊቱን ሠርታ ገና መግባቷ ነበር፤ ጫማዋን ሳታወልቅ «ብር የለኝም፤ ቤት ውስጥ ካለው ነገር ሥራ» አለችውና ተኛች። አባቱ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ ወደ ምዕራብ ከወጣ ዐሥር ቀን አልፎታል። ስለዚህ ልጁ፣ አያቱና እኔ ቀረን።

ልጁ ቤቱን አሰሰው። የወተት ጋሎኖቹን አጠበና በጥቁር ማርከር የሚያለቅስ ዐይን፣ የሚጮኽ አፍ ሣለባቸው፤ ከኋላ ቀደዳቸውና የገና መብራት አስገባባቸው፤ ስድስት ነጫጭ ራሶች ደረጃው ላይ ተደረደሩ። የእንቁላል ካርቶኑን ሦስት ሦስት ጉድጓድ እያደረገ ቆረጠ፤ መካከለኛው ራስ፣ ግራና ቀኙ ክንፍ ሆነ፤ ጥቁር ቀባና በክር ሰቀለው፤ የሌሊት ወፍ ሆነ። የሽንት ቤት ወረቀት ሲያልቅ የሚቀረውን ካርቶን በዐይን ቅርጽ በሳው፣ ሲሰበር የሚያበራውን ዘንግ ከውስጡ ከተተ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ ደበቀው፤ ማታ ብታዩት አውሬ አድብቶ የሚያያችሁ ይመስላችኋል። ከሁሉ ይህን ወደድኩት፤ ዋጋው ምንም ነው፣ ድንጋጤው ግን ሙሉ ነው።

እታለም ይህን ሁሉ ሳትነካ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ከዳር ታያለች። ሥራዬ ነው አላለችም፣ ኃጢአት ነውም አላለችም። በዓሉን የሚጠሉ፣ ልጆቻቸውን ያን ምሽት ከቤት የማያስወጡ ያገሬ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ልጁ ጭጋግ ፈልጎ ዕጣን ስጪኝ ሲላት ግን ተቆጣች። «ዕጣን እንዲህ ያለውን ለማባረር ነው እንጂ ለመጥራት አይደለም!» ብላ ከሙዳዩ ጋር ጓዳ ገባች፤ የጭጋጉ ነገር በዚሁ አበቃ።

ሥራው ውስጥ የገባችው በሦስተኛው ቀን ነው፤ እንዴት እንደገባች ልንገራችሁ። ልጁ መንፈስ ሊሠራ ነው። ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ አቁሞ፣ አፉ ላይ የተነፋ ፊኛ አስሮ፣ ሽቦ በሁለት ወገን እንደ እጅ ዘርግቶ፣ እንደ ፋሻ የሳሳ ሻሽ በስታርች ነክሮ ሊያለብሰው ያስባል፤ ሲደርቅ ፊኛው ይፈነዳል፣ ጠርሙሱ ይወጣል፣ ጨርቁ ማንም ሳይለብሰው ብቻውን ይቆማል። ስታርቹን ግን አልቻለበትም። የበቆሎ ስታርች ዱቄቱን እንዳለ የሚፈላ ውሃ ውስጥ ደፋው፤ ጓጎለ፤ እያማሰለ ያለቅሳል። እታለም ከወንበሯ ተነሣች። «ምን ልትሠራ ነው፣ አብሲት ነው?» አለችው። አልገባውም። ድስቱን ከእጁ ተቀበለችና ደፋችው፤ አዲስ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ፣ በጣቷ ጓሉን እያሸች አቀጠነችው፣ ከዚያ ውሃው ሲንተከተክ በአንድ እጇ ቀስ እያለች ታፈስሳለች፣ በሌላው ሳታቋርጥ ታማስላለች፤ ነጩ ውሃ መጀመሪያ ወፈረ፣ ከዚያ ፈዘዘ፣ ከዚያ እንደ መስተዋት ጠራ። «አሁን ደረሰ» አለች። ስንት ሺህ ጊዜ አብሲት የጣለ እጅ መሆኑን ልጁ ምን ያውቃል! ሻሹን ነከረች፣ ጨመቀች፣ ፊኛው ላይ ጣል አደረገችው፤ ቆም ብላ አየችው፤ ከዚያ ልክ የራሷን ነጠላ እንደምታስተካክል ጫፉን ወደ ግራ ትከሻው ወረወረችው። ሌሊቱን ደረቀ። ጠዋት ልጁ ፊኛውን ሲያፈነዳው ባዶው ጨርቅ ነጠላ ያጣፋች ሴት ሆኖ ቆመ። በሰፈሩ ከነበሩት መናፍስት ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ የሚመስል እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳት! አሮጌው አንሶላ በጣም ነጣ ስትል የቡናውን አተላ ከበረካው በኋላ በውሃ አፍልታ ነከረችው፤ መቃብር ውስጥ የከረመ መሰለ። ዱባውን እሷ ቀደደችው፤ ክዳኑን ቀጥ አድርጎ ሊቆርጥ ሲል «ይሰጥማል፣ አጋድመህ ቁረጥ» አለችው፤ እውነቷን ነው፣ ጠርዙ ካልተጋደመ ክዳኑ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ፍሬውን አጥባ ቆላችው። ሥጋውን ረቡዕ ነበርና ለጾም ወጥ አደረገችው፤ ግን ያ ለመቅረጽ የሚሸጠው ዱባ ውሃ ብቻ ነው፤ ቀምሳ ሰሐኑን ገፋችው፣ «ይህስ ለማስፈራሪያ ይሁን» ብላ።

አሁን ወደ ነገሩ መጣሁ።

በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ፣ እታለምና እኔ ከገበያ ስንመለስ ልጁ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። የቅጠል ክምር አጠገቡ ነው። የአባቱን ጂንስ ሱሪ እግሮቹን በገመድ አስሮ ቅጠል እየጠቀጠቀበት ነው፤ የአባቱ የሥራ ጃኬትም፣ ደረቱ ላይ የተለጠፈውን ቁልፍ ያጣውን ኪስ እንኳ አውቀዋለሁ፣ ግማሹ ተሞልቶ ሣሩ ላይ ተንጋሏል። ፈረንጆቹም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ አሮጌ ልብስ በቅጠል ሞልተው በረንዳ ወንበር ላይ ያስቀምጣሉ። እታለም ፌስታሏን ጣለች። ቃል አልወጣትም። ሄዳ ተንበረከከችና ጃኬቱን አዙራ ቅጠሉን በሁለት እጇ ታወጣው ጀመር፤ ልጁም እኔም ፈርተን አየናት። ከዚያ «ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አለችውና ነገረችው፤ ግማሹን እኔ በእንግሊዝኛ እያቀበልኩ።

እኛ ቤት አባታችን የሞተው ክረምት ላይ ነው፤ ንዳድ ነው የወሰደው። ማሽላው ግን ሞት አያውቅም፤ ጥቅምት ሲገባ እሸቱ ወተት ይዞ ቆመ፤ ግሪሳውም እንደ ደመና መጣ። ወፍ የምንጠብቀው እሷና እኔ ነን፤ እሷ 12 ዓመቷ፣ እኔ 6 ዓመቴ፤ ማማው ላይ ወጥተን እሷ ወንጭፍ ትወነጭፋለች፣ እኔ ቆርቆሮ እመታለሁ። በዱላና በጆንያ የተሠራች አሮጌ ማስፈራሪያ ነበረችን፤ ግን ወፍ ሞኝ አይደለም፤ አንድ ቦታ የቆመ ነገር በጥቂት ቀን ይለምዳል፣ ራሱ ላይ ወጥቶ እስከ መቀመጥ ይደርሳል። ስለዚህ እታለም አንድ ቀን ማለዳ ቤት ገብታ የአባታችንን የወታደር ካፖርት ከተሰቀለበት አወረደችው። እናታችን ገና ለነፍሱ ለማንም አልሰጠችውም ነበር። በመስቀል ዱላ አለበሰችው፣ ትልቅ ቅል ራስ አደረገችለት፣ ኮፍያውን ደፋችበት፣ ማሳው መካከል ተከለችው። ነፋስ ሲመጣ እጅጌው ይነሣል። ሦስት ቀን ወፍ አልቀረበም።

በሦስተኛው ቀን ማታ፣ ለዐይን ሲይዝ፣ እናታችን ቂጣ ይዛልን መጣች። እኛ ማማው ላይ ነን፤ እናያታለን፣ አታየንም። ከማሽላው ብቅ ስትል ቀጥ ብላ ቆመች። የምትጮኽ መስሎኝ ጆሮዬን ያዝኩ። አልጮኸችም። ሞሰቡን መሬት አኖረች፣ ነጠላዋን ከራሷ ዝቅ አደረገች፣ ትንሽ ጎንበስ አለች፣ እንደ ወትሮው ባለች ድምፅ «ዋልክ?» አለችው። ነፋሱ እጅጌውን አነሣው። «በቃህ፤ ደክሞሃል፤ ግባ» አለችው። ከዚያ ሞሰቡን አንሥታ፣ እኛን ሳትጠራ፣ ወደ ቤት ተመለሰች።

እታለም በዚያው ሌሊት ካፖርቱን አወለቀችው፤ አጥፋ ከሣጥኑ ሥር አስቀመጠችው። በማግሥቱ ጆንያዋን መልሰን ተከልን፤ የዚያን ወገን ማሽላ ግሪሳ በላው። እናታችን ስለ ካፖርቱም ስለ ማሽላውም አንድም ቀን አልጠየቀችም።

ልጁ ጃኬቱን አቅፎ ዝም አለ። ቆይቶ «ታዲያ ምን እናልብሰው?» አለ። እታለም ዞራ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «መንገድ ላይ ያለ ሰው ልብስ አይሞላም። የአጎትህን እናድርገው፤ እሱ እዚህ ቆሟል» አለች። ታክሲ ስነዳ ሃያ ክረምት የለበስኩት ቡናማ ካፖርት ነበረኝ፤ ባርኔጣዬንም ጨመርኩ። ቅጠሉን ጠቅጥቀን፣ በጓንት እጅ ሠርተን፣ በተሞላ ትራስ ልብስ ራስ አድርገንለት ወንበሩ ላይ አስቀመጥነው። እታለም ትከሻውን ጫን ጫን አድርጋ አጎበጠችው። «አሁን አንተን መሰለ» አለችኝ። አልተቀየምኩም።

ፈረንጆች ኦክቶበር 31 የሚሉት ቀን በእኛ ጥቅምት 21 ዋለ። እታለም ማርያም ናት ብላ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳለመች፤ ማታ ደግሞ ጭምብል ለለበሱት የሰፈሩ ልጆች ከረሜላ አደለች። «ይህማ ሆያ ሆዬ ነው» አለች፤ ትንሽ ቆይታ ግን «የኛዎቹ ዘፍነው ነው የሚያገኙት፤ እነዚህ እጃቸውን ብቻ ይዘረጋሉ» ብላ አማች። ልጆቹ ቁጥቋጦው ውስጥ ያሉትን ዐይኖች እያዩ ይሸሻሉ፤ ነጠላ ለባሹን መንፈስ ዞር ዞር እያሉ ያዩታል፤ በረንዳው ላይ ለተቀመጠው ሰውዬ ደግሞ «ሃይ» ይላሉ። አንዲት ጎረቤት ውሻዋን እየሳበች ስታልፍ እጇን አውለበለበችለት፤ ለእኔ በሰባት ዓመት አንዴ አውለብልባልኝ አታውቅም።

ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆነ። መንገዱ ጭር አለ፤ ብርዱ በረታ፤ በዱባው ውስጥ ያለው ሻማ ሊያልቅ ይንጨረጨራል። መብራት አጥፍተን ሳሎን ተቀምጠናል፤ ልጁ አልተኛም። ድንገት አንድ መኪና ቆመና ሄደ፤ የእግር ኮቴ ተሰማ፤ መጋረጃውን ገለጥ አደረግን። አባቱ ነው፤ ነገ ይገባል ያልነው ዛሬ ገባ። ቦርሳውን በትከሻው አንጠልጥሎ ደረጃው ሥር ደረሰ፣ ቀና ሲል ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን አየ። ወዲያው ቆቡን አወለቀ፣ ጎንበስ አለ።

«ጋሼ፣ እንዴት አመሹ? ምነው በዚህ ብርድ?»

ልጁ በሁለት እጁ አፉን አፈነ። አባቱ መልስ ጠበቀ። «ሳልደውል ቀርቼ ተቀይመውኛል አይደል?» አለ። «መንገዱ በረዶ ነበረ እኮ ጋሼ፤ ስልኬም...» ደግሞ ዝም አለ፤ እንቅልፍ ወስዶኛል ብሎ ሳይሆን አይቀርም፤ ቦርሳውን ቀስ ብሎ መሬት አኖረ። ጃኬቱን አወለቀ። በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ሁለት ደረጃ ወጣ፤ ጎንበስ አለና ጃኬቱን የዚያ የቅጠል ሰውዬ ትከሻ ላይ አለበሰው፤ እንዳይቀሰቅሰው እየተጠነቀቀ አንገትጌውን ሰበሰበለት።

ልስቅ ነበር፤ እታለም ክንዴን ያዘች። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከዚያ ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ መብራት ሳታበራ ሄዳ በሩን ከፈተች።

«መጣህ ልጄ?» አለችው። «ደክሞሃል፤ ግባ።»